ካቻቪቴዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የቀረሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መካኒክ ጋራዥ ድረስ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሞተር ላይ ሠርቻለሁ። አሁን የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ልማር ወይስ የያዝኩትን ላጥብቅ? እንደገና ተለማማጅ መሆን ከበደኝ።» ምንም አልመለስኩለትም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለእሱም ለእናንተ ለወጣት መካኒኮችም የምጽፈው ለዚህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የምሠራበት ድርጅት በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዳዲስ የጭነት መኪኖች አስገባ። ለሦስት ወር ሥልጠና ስሜ ተጠራ። ያኔ ዋና መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን የለመድኩት ፊያት ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ነው። የኔ ዘመን ሰው ያንን መኪና ሳያየው በድምፁ ያውቀዋል፤ ዳገት ሲይዝ ከሩቅ ይሰማ ነበር። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የትኛው ኖዝል፣ ማለትም ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ፣ እንደታመመ እናገራለሁ። አልሳሳትም። ታዲያ ከልጆች ጋር ደብተር ይዤ አግዳሚ ላይ ልቀመጥ? «እኔ የምሠራው በጆሮዬ ነው» ብዬ እምቢ አልኩ። በኔ ፈንታ ረዳቴ ሄደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከነዚያ መኪኖች አንዱ ጉልበት አጥቶ ገባ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። እንደለመድኩት ካቻቪቴዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሞተሩ ጤነኛ ነው የሚለው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ሹፌሩ ከጎማው ጥላ ሥር ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። በሦስተኛው ቀን ያ ረዳቴ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ገመዱን ሰካ፣ ስክሪኑን አየት አደረገ፣ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ፈታ። በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩት» አለኝ። ሰው ፊት ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ወጣሁ። እጁ እንደተዘረጋ መቅረቱ ዛሬም ይታየኛል። ልጁ ኋላ ከአገር ወጣ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሄደ።

የሞተር ሳይክልና የመኪና ተወዳዳሪውን ሁበርት ኦሪዮልን ያወቅኩት ሲሞት ነው። ጥር 2013 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ዜናው አዲስ አበባ መወለዱን ሲናገር ጆሮዬ ቆመ። በ1944 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። «አፍሪካዊው» ይሉት ነበር። ፓሪስ ዳካር የሚባለውን ረጅሙን የበረሃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክል አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1987 በካጂቫ ሞተር ሳይክል እየመራ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። ተመልሶ ወጣና የዕለቱ መድረሻ ድረስ ነዳ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ድሉን ተፎካካሪው ሲሪል ኔቩ ወሰደው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሁለት ጊዜ ያሸነፈበትን ሞተር ትቶ መኪና ውስጥ ገባ። በዚያ ወንበር ላይ ጀማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ውድድሩ ከፓሪስ ኬፕ ታውን ሲሆን፣ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሚትሱቢሺ ፓጄሮ ነድቶ አሸነፈ። አጠገቡ ተቀምጦ መንገድ የሚመራው ፊሊፕ ሞኔ ደግሞ የባሕር ሰው ነው፣ የሸራ ጀልባ ነጂ። ዳካርን በሞተርም በመኪናም በማሸነፍ ኦሪዮል የመጀመሪያው ሆነ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ፒተራንሰል እና ናኒ ሮማ የተከተሉት በኋላ ነው። ከዚያም ለዓመታት የውድድሩ ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ። ሦስተኛ ሙያ ማለት ነው።

እናንተ ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላችሁ ከሙያ ወደ ሙያ ትዘላላችሁ። መፍቻ በወጉ ሳትጨብጡ ቪዲዮ ትለቃላችሁ። ይሄ ያበሳጨኛል። ኦሪዮል እኮ ከመጀመሪያው የ1979 (እ.ኤ.አ.) ውድድር እስከ ስብራቱ ድረስ ሞተር ሳይክል ላይ ነበር። መጀመሪያ አንዱን ጠንቅቁ ልላችሁ ነበር። ግን እኔስ ጠንቅቄ አልነበረም? ያሰረኝም እሱ ነው። ስንት ዓመት ቆይቶ መልቀቅ እንደሚገባ ልነግራችሁ አልችልም።

ጋራዥ መጥቶ ለጠየቀኝ ወጣት ግን ትናንት ደወልኩለት። «ተመዝገብ» አልኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የተማርከውን ይዘህ ጋራዥ ና። እኔም ደብተር ገዝቻለሁ።»