ስለ ጾምሽ ማን ነገራቸው?

ጥያቄ፦ ቻይናዊ አግብቼ ሻንዶንግ ውስጥ ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተቀበሉኝም። ለበዓል ጂያኦዚ (ሥጋ ወይም አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ) ስንጠቀልል እኔ የጨረስኩትን እያነሱ ጠርዙን እንደገና ይቆነጥጡታል። ዘንድሮ የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ የካቲት 9፣ ዐቢይ ጾም የገባ ዕለት ዋለ። ሳልበላ ተቀምጬ ሳለ በራሳቸው ቾፕስቲክ አንድ ጂያኦዚ ሳህኔ ላይ አኖሩ። ለባለቤቴ አሻገርኩት (ሲነክሰው ሳንቲም ወጣ፣ ሁሉም ሳቁ)። እሳቸው ግን ወጥ ቤት ገብተው ቀሩ። ባለቤቴም «ሆዷን አሟታል ብያቸው ነበር፤ አንድ ብትጎርሺ ምን ነበረበት?» ብሎ ተቆጣኝ። ሃይማኖቴን በማያከብር ቤት እንዴት ልኑር?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ጾምሽን መጠበቅሽ ትክክል ነው። እኔን የያዘኝ በቅንፍ ያለፍሽው ሳንቲም ነው።

በሰሜን ቻይና በዋዜማው ከሚጠቀለሉት ጂያኦዚዎች በጥቂቶቹ ውስጥ የታጠበ ሳንቲም ይደበቃል፤ የደረሰው ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። የጠቀለለችው እናት ግን ብዙ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ጠርዙ ላይ ምልክት ታደርግበትና እንደ አጋጣሚ አስመስላ ለፈለገችው ሰው ታደርሰዋለች። አማትሽ ከሞላ ሳህን አንዱን መርጠው ያነሱት ለልጃቸው ሳይሆን ላንቺ ነው። በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ግን ያ ሳንቲም ለስምሽ የተጠቀለለ ይመስለኛል። በራስ ቾፕስቲክ አንስቶ ሰው ሳህን ላይ ማኖር ደግሞ እዚያ እንደ እኛ ጉርሻ ነው። እናትሽ ከሩቅ አገር ለመጣች ምራታቸው ጉርሻ ዘርግተው፣ እሷ ምክንያቷን ሳትናገር ለባሏ ብታሻግረው ምን ይሰማቸው ነበር?

መቆንጠጡንም እንደ ንቀት አልቆጥረውም። በዚያ ሌሊት ውሃ ውስጥ የተፈታ ጂያኦዚ ገድ የለውም፤ «ተቀደደ» ላለማለት እንኳ «ጀንግ» ይላሉ፣ «ገንዘብ አገኘ» ለማለትም የሚያገለግል ቃል ነው። ጠርዙን ዘይት ከነካው ወይም ውስጡ ከመጠን በላይ ከሞላ አይያያዝም። ምናልባት እሳቸው የሚያተርፉት ያንቺን ድርሻ ይሆናል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ጾም ላይ ነኝ» ብለሽ ለእሳቸው የተናገርሽበት ቦታ የለም። ሁሉ ነገር በባለቤትሽ አፍ ያልፋል፤ እሱ ደግሞ ያደረሰላቸው በሽታ ነው። ስለዚህ እሳቸው የሚያውቁት ምግባቸው እንደሚያምሽ ብቻ ነው። ሃይማኖትሽን አላከበሩም ለማለት መጀመሪያ ሊሰሙት ይገባ ነበር፤ እዚህ ላይ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከእሳቸው ጎን ነኝ። እንግዳም አይሆንባቸውም፤ በብዙ የሻንዶንግ ቤቶች የአዲስ ዓመቱ የመጀመሪያ ጠዋት ጂያኦዚ ሥጋ የለውም፣ ዓመቱ ጥርትና ጽድት ብሎ እንዲያልፍ።

በተሰባበረ ቻይንኛም ቢሆን «ዎ ቺ ሱ» በያቸው፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ከዚያ ጾም መሆኑን፣ እንቁላልና ወተትም እንደማትበዪ አስረጂ፤ ብዙ ጊዜ «ሱ» የሚባለው ጂያኦዚ እንቁላል ይገባበታልና። የጾም ጂያኦዚ አብራችሁ የመጠቅለል ልምምዱን ታኅሣሥ 13 ቀን 2019፣ በክረምት አጋማሽ በዓላቸው ብታደርጉት ጥሩ ነው፤ ያኔም ጂያኦዚ ይበላል፣ አንቺም ጾመ ነቢያት ላይ ትሆኛለሽ። ለ500 ግራም ዱቄት 250 ግራም ያህል ውሃ፣ 30 ደቂቃ ማሳረፍ። ውስጡ ቶፉ፣ ካሮትና ጥቁር እንጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጎመን ከጨመራችሁ በጨው አሽታችሁ ጭመቁት፤ ሥጋም እንቁላልም ስለሌለ ውሃው ሊጡን ያርሰዋል። የአሳማ ሥጋ ያለበት ጂያኦዚ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያንቺው አስቀድሞ ይቀቀል። አቆናነጡን እሳቸው ያሳዩሽ።

ለመጪው ዋዜማ አትጠብቂ፤ ጥር 28፣ ዓርብ ቀን ላይ ይውላል። ባለቤትሽ በሁለታችሁ መካከል የሚሠራው ትርጉም ግን በአንድ ደብዳቤ የሚፈታ አይመስለኝም፤ ብትችሉ ሁለታችሁም አንድ አማካሪ ፊት ለፊት አግኙ። አማትሽም ቶሎ ላይለወጡ ይችላሉ፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ዝምታ ነው።