የግማሽ ዓመት ምዘናዬ ዝቅ ብሏል፤ ልፈርም ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለቃዬ «ከሚጠበቀው በታች» የሚል ውጤት ሰጠኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሥራዬ አንድም ቅሬታ ነግሮኝ አያውቅም። አልፈርምም ስለው «ካልፈረምሽ ይብስብሻል» አለኝ። በዚህ ውጤት ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ይፈርሙ፤ ግን ዝም ብለው አይፈርሙ። ከፊርማዎ በላይ «ምዘናውን አይቻለሁ፤ በውጤቱ ግን አልስማማም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ቀኑንም ያስፍሩ፤ ቅጂውንም ይያዙ። ብዙ ሰው ተናዶ ወረቀቱን ጥሎ ይወጣል። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚለው የአለቃው ጽሑፍ ብቻ ነው።

በዚህ አንድ ውጤት ብቻ ማሰናበት ለአሠሪው ቀላል አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 ሥራውን የመሥራት ችሎታው በግልጽ የቀነሰን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። ነገር ግን የኅብረት ስምምነቱ (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚዋዋሉት) ሌላ ካላለ በቀር፣ ይህ በየጊዜው በሚደረግ ምዘና መረጋገጥ አለበት። ስድስት ወር ሙሉ ምንም ሳይል ከርሞ በአንድ ቅጽ «አልቻለችም» የሚል አሠሪ ፍርድ ቤት ፊት ይቸገራል። ያሰናብት ቢባል እንኳ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ፣ በእርስዎ የአገልግሎት ዘመን የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ምዘና ነው። እሱም ዝቅ ካለ አሠሪው ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለአለቃዎ ኢሜይል ይላኩ፤ ለሰው ኃይል ክፍሉም ግልባጭ ያድርጉ። ረጋ ብለው ይጻፉ፤ የተሰጠዎት ምክንያት የሪፖርት መዘግየት ከሆነ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሪፖርት ታዘገያለሽ ተብያለሁ። የዘገየው የትኛው ሪፖርት ነው? መቼ መድረስ ነበረበት? እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምን ባሻሽል ውጤቴ ይስተካከላል?» በቃል አስተያየት ከሰጠዎትም በዚያው ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለው በጽሑፍ ያጽኑት። ሥልጠና ከተዘጋጀልዎ ደግሞ እምቢ አይበሉ። ሥልጠናን እምቢ ብሎ የሙያ ክህሎት ማጣት ራሱ በአንቀጽ 28 የስንብት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለአለቆችም አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛው ወር የሚነገር አስተያየት ሰውን ያርማል። ለምዘና ቀን ተጠራቅሞ ሲወርድበት ግን ያስደነግጠዋል እንጂ አያርመውም። ይህ ለሠራተኛው ግፍ ነው፤ ክርክር ቢመጣም ድርጅቱን አይጠቅምም።

አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን (ድርጅቱን የማስተዳደር ሥልጣን ያላቸውን) አይመለከትም፤ የሚገዙት በሌላ ሕግ ነው። እርስዎ የሥራ መሪ ካልሆኑና ከተሰናበቱ፣ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚያቀርቡት ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። «እናስታርቃችኋለን» እየተባለ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብዎ።