ዳካር ቀረ፤ ሙዚቃውስ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ ለአምስት ቀን ስብሰባ ወደ ዳካር ሊልከኝ ነበር። ትኬት ተቆርጧል፣ ሆቴል ተይዟል፣ አበልም ተቀብያለሁ። በረራው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አዘጋጆቹ ስብሰባው በኢንተርኔት ይሁን ብለው ወሰኑ። ትኬቱ «ተመላሽ የማይሆን» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የጓጓሁት ለስብሰባው ሳይሆን ማታ ማታ ለምሰማው ሙዚቃ ነበር። ስልኬ ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ «ምርጥ የአፍሪካ ዘፈኖች» የሚል ፕሌይሊስት ብቻ ነው። ምን ይሻላል? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከገንዘቡ እንጀምር፤ ሙዚቃው ይጠብቃል፣ ገንዘቡ ግን ቀነ ገደብ አለው።

ዋናው ነገር ጉዞውን ማን ሰረዘው የሚለው ነው። አየር መንገዱ በረራውን ቢሰርዝ ኖሮ «ተመላሽ የማይሆን» የተባለውም ትኬት ገንዘቡ ይመለስ ነበር። የእርስዎ በረራ ግን አለ፤ የቀረው ስብሰባው ነው። ስለዚህ በአየር መንገዱ በኩል ጉዞውን የተዉት እርስዎ ነዎት፤ የሚዳኝዎትም ትኬቱ ሲቆረጥ አብሮ የተሰጠው የዋጋ ደንብ ነው። ደንቡን ያውጡና የመሰረዣ ቅጣቱን፣ የቀን መቀየሪያ ክፍያውን፣ ሳያስታውቅ በቀረ መንገደኛ ላይ የሚጣለውን ቅጣት ይፈልጉ። ሰው የሚጎዳው በዚህ በመጨረሻው ነው። «ያው አይመለስም» ብሎ ዝም ይላል፣ መቀመጫው በስሙ እንደተያዘ አውሮፕላኑ ይነሳል፤ ከዚያ የመመለሻው በረራ ጭምር ይሰረዛል፣ ቀን የመቀየር ዕድሉም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይሄዳል።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በ14ኛው ቀን 00:30 የሚል ካዩ፣ በእኛ አነጋገር የ13ኛው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። «14 ጠዋት ደውዬ እሰርዛለሁ» ያለ ሰው የሚደውለው ለሄደ አውሮፕላን ነው።

መቀመጫ መልቀቅና ገንዘብ ማስመለስ ሁለት ሥራ ናቸው። በስልክ «ተሰርዟል» ሲሉዎት ባለስድስት ፊደሉ የቦታ ማስያዣ ኮድ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፤ ትኬቱ ግን ገና እንዳለ ነው። የገንዘብ ጥያቄ የሚቀርበው በ13 አኃዙ የትኬት ቁጥር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ትኬቱን የቆረጠው የጉዞ ወኪል ከሆነ በቀጥታ ወደ ወኪሉ ይሂዱ፤ የአየር መንገዱ ቢሮ መልሶ ወደዚያው ስለሚልክዎት መመላለሱን ይቆጥቡ። ሲጠይቁም «ገንዘቤ ይመለስ» ሳይሆን «ያልተጠቀምኩባቸው የኤርፖርት ታክሶች ይመለሱልኝ» ይበሉ። ዋጋው ባይመለስም ታክሱ የሚመለስባቸው ትኬቶች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ካልቀረበ ግን ማንም አያነሳውም። በዝርዝሩ ላይ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» ተብሎ የሚጻፈውን ጭማሪ ግን ተስፋ አያድርጉበት፤ ታክስ ቢመስልም የአየር መንገዱ የራሱ ክፍያ ስለሆነ እንደ ዋጋው ነው የሚታየው።

ስብሰባው ወደፊት በአካል ሊካሄድ ይችላል ከተባለ ገንዘብ ከማስመለስ ትኬቱን ክፍት ማድረግ ይሻል ይሆናል። ትኬት በተለምዶ ከተቆረጠበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ይቆያል። ለሥራ ባልደረባ ግን አይተላለፍም፤ ስም አይቀየርም።

ሆቴሉን ዛሬውኑ ይሰርዙ። «እስከዚህ ሰዓት ያለ ክፍያ» የሚለው ገደብ የሚቆጠረው በሆቴሉ አገር ሰዓት ነው። ዳካር ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እዚያ 18:00 ሲል አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህኛው ልዩነት ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ግን ተቃራኒው ነው።

አበሉን በእጅዎ አያቆዩት። የአዘጋጆቹን የስረዛ ደብዳቤ አያይዘው ለፋይናንስ ይመልሱ፣ የገቢ ደረሰኝ ይቀበሉ። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ወይም የሚቀጥለውን ጉዞ ያስይዛል። ለዚህ ጉዞ ብለው የቢጫ ወባ ክትባት ወስደው ከሆነ ደግሞ አልከሰሩም፤ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቢጫ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በደንብ ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ዳካር ሌሊት። «የአፍሪካ ዘፈን» ብሎ መፈለግ ምግብ ቤት ገብቶ «ምግብ አምጡልኝ» እንደማለት ነው፤ የተገኘው ይመጣል። የሚፈልጉት የሴኔጋል የዳንስ ሙዚቃ ስም አለው፤ ምባላኽ ይባላል። በላቲን ፊደል መጨረሻው በ«ኤክስ» ይጻፋል፣ በሴኔጋል የሚነገረው የወሎፍ ቋንቋ ግን ያችን ፊደል እንደ እኛ «ኽ» ነው የሚያነባት። ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ከሚጭኑት አንዳንዱ በ«ኬ» እና «ኤች» ስለሚጽፈው በሁለቱም ይፈልጉ፤ ውጤቱ ይለያያል።

በምባላኽ ግን አይጀምሩ። መጀመሪያ ኦርኬስትራ ባኦባብን ይስሙ። በ1970 እ.ኤ.አ. በዳካር የባኦባብ ክለብ የተመሠረተ ባንድ ሲሆን ዜማው በኩባ ሙዚቃ የታሸ ነው። በ1982 ቀድተውት ኋላ «ፓይሬትስ ቾይስ» በሚል የወጣውን አልበም ይያዙ። ጊታሩን የተጫወተው ባርተሌሚ አቲሶ ቶጎዊ ነበር፤ ዳካር የመጣው ሕግ ሊማር ነበር። ለስላሳና ያልተጣደፈ ስለሆነ ጆሮ አያስጨንቅም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ ዘፋኙ ዩሱ ንዱርና ወደ ሱፐር ኤትዋል ባንዱ ይለፉ፤ የኩባው ነገር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ የአገሬው ከበሮ ወደ ፊት ሲመጣ በግልጽ ይሰማዎታል። ሳባር የሚባለው ከበሮ በአንድ ባዶ እጅና በአንድ ቀጭን ዘንግ ይመታል። ታማ የሚባለው ብብት ሥር ይያዝና ገመዱ ሲጨመቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሰው የሚናገር የሚመስለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ምቱ ይጠፋብዎታል፤ ከበሮዎቹ በሦስት ሲሄዱ ባንዱ በአራት ይቆጥራል። ሁሉንም ልስማ አይበሉ፣ አንዱን ከበሮ ብቻ ይዘው ይከተሉ። በሠርግ ቤት ችክችካ ያደገ ጆሮ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከዚህ ወዲያ ማሽኑን ሳይሆን ሰዎቹን ይከተሉ። ዲስኮግስ በሚባለው የአልበሞች መረጃ ድረ ገጽ ላይ የአንድ አልበም ገጽ ሲከፍቱ ማን ምን እንደተጫወተ ተዘርዝሯል፤ የታማ መቺውን የአሳን ቲያምን ስም ሲጫኑ የተሳተፈባቸው ሌሎች ቅጂዎች ይመጣሉ። ሙዚቃ በሚሸጥበት ባንድካምፕ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ከአልበሙ ሥር የገዙት ሰዎች ትንንሽ ምስሎች አሉ። አንዱን ሲጫኑ ያ ሰው የገዛውን ሁሉ ያያሉ። ምባላኽ የገዛ ሰው ሌላ ምን ገዛ የሚለው ዘፈን ከሚጠቁም ከየትኛውም አልጎሪዝም ይበልጣል፤ ገንዘቡን አውጥቶበታልና።

አልጎሪዝሙንም ቢሆን መግራት ይቻላል። አምስት ስድስት የዳካር ዘፈን ብቻ ያለበት አዲስ ፕሌይሊስት ይሥሩና ጥቆማው ከእሱ እንዲነሳ ያድርጉ። ስልኩን ልጆች የሚነኩት ከሆነ እነሱ ሲይዙት የዩቲዩብን የእይታ ታሪክ ያቁሙ፤ አለበለዚያ ሳምንት ያሠለጠኑትን አልጎሪዝም የልጆች መዝሙር በአንድ ከሰዓት ያበላሸዋል።

የከተማዋን አየር ለመስማት የዓለምን የሬዲዮ ጣቢያዎች የሚያሰማው መተግበሪያ ሬዲዮ ጋርደን አለ፤ ሉሉን አሽከርክረው ዳካር ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ይጫኑ። አንዳንዱ ጣቢያ ጸጥ ቢል ስልክዎ አልተበላሸም። መተግበሪያው የጣቢያውን ሥርጭት ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ስለሌለው፣ ጣቢያው ሲቋረጥ እሱም ይቋረጣል። ሌሊቱን አብሬ ልደር ካሉ ግን የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑን አይርሱ። ለዓርብ ማታ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ በኢንተርኔት ስሰማ የሞባይል ዳታዬ ቶሎ ያልቃል። በሰዓት ስንት ይበላል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሚወስነው የድምፅ ጥራቱ ነው። በሴኮንድ 96 ኪሎቢት ላይ ካደረጉት በሰዓት 43 ሜጋባይት ገደማ፣ በ160 ላይ 72፣ በ320 ላይ 144 ይሄዳል። በተራ የጆሮ ማዳመጫ ታክሲ ውስጥ በ96 እና በ320 መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ዳታዎን የጨረሰው ምናልባት ድምፁ ሳይሆን ምስሉ ነው፤ ዘፈን ከዩቲዩብ የሚሰሙ ከሆነ የማያዩትን ቪዲዮ እየከፈሉበት ነው። ዋይፋይ ባለበት አውርደው ይያዙ። በስፖቲፋይ ያወረዱትን ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ካልከፈቱት ይዘጋብዎታል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከድሮ ካሴት ወደ ስልክ የገለበጠው ዘፈን አለ። ዘፈን የሚለየው መተግበሪያ ሻዛም አያውቀውም፣ ሳዜምለትም ዝም ይላል። እንዴት ስሙን ላግኘው? (መ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሻዛም ዜማ አያውቅም። የሚያውቀው አንድን የተወሰነ ቅጂ ነው፤ የድምፁን አሻራ ወስዶ ከማኅደሩ ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ ሲያዜሙለት፣ ወይም ዘፋኙ ራሱ በመድረክ ሲጫወተው አይለየውም። ለማዜም የሚሆነው የጉግል ፍለጋ ነው፤ ማይክሮፎኑን ነክተው ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያዚሙ።

የካሴቱ ችግር ሌላ ነው። የቴፑ ሞተር ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ አሻራው ይዛባል። 6 በመቶ የፈጠነ ቴፕ ድምፁን በአንድ ሴሚቶን (በግማሽ ድምፅ) ያቀጥነዋል፤ ዘፋኙ ጎረምሳ የሚመስልባቸው ቅጂዎች አብዛኞቹ እንዲህ የሆኑ ናቸው። የዩቲዩብ ዓይነቱ የፍጥነት መቀየሪያ አያርመውም፣ ፍጥነቱን ሲቀንስ የድምፁን ቅጥነት እንዳለ ይተወዋልና። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍጥነትና ቅጥነትን አብሮ የሚቀይረውን መሣሪያ ይምረጡ፣ 2፣ 4፣ 6 በመቶ እያሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩ፣ በየደረጃው ሻዛምን ያስደምጡት።

እሱም ካልሆነ የአዝማቹን አንድ ስንኝ በፊደል ጽፈው ይፈልጉ፤ ግን በአንድ አጻጻፍ አይቁሙ። ዘፈኑን የጫነው ሰው «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ወይም «ፀሃይ» ብሎ ጽፎት ይሆናል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እያቀያየሩ ይሞክሩ። በላቲን ሲጽፉም እንዲሁ ነው፤ ኢትዮጲክስ በተባለው የፈረንሳይ የአልበም ተከታታይ ውስጥ ጥላሁን ያለ «አይ» ፊደል፣ በ«ቲ» እና በ«ኤል» ተያይዞ ነው የሚጀምረው።