ለከተማ ምክር ቤት ብወዳደር ከእምነቴ ያርቀኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ዜግነት ከወሰድኩ ቆየሁ። የሰፈሬ ሰዎች «ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሪ» ብለው ያዙኝ። አንዲት እኅት ግን «ፖለቲካ የዓለም ነው፣ ያውም ለሴት!» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንጌላ ሜርክል ስለ እምነቷና ስለ ዴሞክራሲ ስታወራ ስሰማ ልቤ ይነሣሣል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ «ያውም ለሴት» የሚለውን እንጨርሰው። መሳፍንት ምዕራፍ 4ን ክፈቺ። ዲቦራ ከዘንባባው ሥር ተቀምጣ ትፈርድ ነበር፣ ሕዝቡም ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣ ነበር። ባርቅ እንኳ «አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም» ነው ያላት። በእኛም አገር እቴጌ ምንትዋብ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆና መንግሥት መርታለች፤ ጎንደር ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሳነጸችውም እሷ ናት። ስለዚህ ይሄ ተዘጋ።

ወደ ሜርክል ልምጣ። የሉተራን ቄስ ልጅ ናት፣ ትምህርተ ሃይማኖቷ ከእኛ ይለያል፤ ሁሉን ተቀበዪ አልልሽም። ግን ያደገችው ሃይማኖት በጥርጣሬ በሚታይበት በኮሚኒስቱ ምሥራቅ ጀርመን ነው። መራሒተ መንግሥት ሆና 4 ጊዜ ስትምል፣ ሕጉ ሳያስገድዳት አራቱንም ጊዜ «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ብላለች። (ጌታ «ፈጽሞ አትማሉ» ብሏልና አንቺ ሳትምዪ ቃል መግባት ከተፈቀደልሽ እሱን ምረጪ።) እ.ኤ.አ. በ2015 ስዊዘርላንድ፣ በርን ላይ አንዲት ሴት እስልምና አውሮፓን እንዳይውጥ ያላትን ስጋት አንሥታ ጠይቃት ነበር። የሜርክል መልስ በአጭሩ፣ ለእምነታችሁ ከተጨነቃችሁ እናንተው ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁንም እወቁ የሚል ነበር። እኔ ይሄን መልስ ወድጄዋለሁ። እኛም እኮ ስለ ሌላው ሃይማኖት ለማውራት ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ አለን፤ ውዳሴ ማርያም ለመድገም ሲሆን ግን ቢዚ ነን።

አሁን ሐዋርያት ሥራ 6ን አንብቢ። በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ፣ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ቅሬታ ያሰሙትን «ዝም በሉ» አላሏቸውም፤ «በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ከእናንተ ምረጡ» አሉ። ጉዳዩ የእንጀራ ነው፣ የመረጠው ሕዝቡ ነው፣ እጅ ጭነው የሾሙት ደግሞ ሐዋርያት። የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ፣ የቤት ኪራይ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የአንቺ ምክር ቤት የሚነጋገርበት ሁሉ ከዚያ ማዕድ የራቀ አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ መወዳደርሽ አይደለም፣ መሸነፍሽ ነው። አንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲደረግ ነበርኩ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ተከተተ፣ ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ፣ ልዩነቱ ጥቂት ድምፅ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ የተሸነፈው ወገን ሌላ አዳራሽ ተከራይቶ ለብቻው አስቀደሰ! አንድ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ የኖሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም። ሜርክል ግን 16 ዓመት መርታ፣ ፓርቲዋ ተሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የሌላ ፓርቲ ሰው የሆነው ኦላፍ ሾልዝ በጀርመን ፓርላማ መራሔ መንግሥት ሆኖ ሲመረጥ ከላይ ከእንግዶች ሰገነት ተቀምጣ አየች፤ በዚያው ቀን ቢሮውን አስረከበችውና መልካሙን ተመኘችለት። ቅዳሴ ላይ «ሰላም ተባባሉ» ሲባል የምናደርገውን እሷ ቢሮ ውስጥ አደረገችው፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። እና አንቺ፣ ያሸነፈሽን ሰው በማግስቱ ሄደሽ እንኳን ደስ አለህ ልትዪው ትችያለሽ? ካልቻልሽ ገና ነሽ፣ ትንሽ ቆዪ።

ከቻልሽ ግን ግቢ። የቅስቀሳ ወረቀትሽን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አትበትኚ፤ ነጠላ ለብሰሽ የተነሣሽውን ፎቶም ፖስተር አታድርጊው። ረቡዕና ዓርብ ስብሰባ ላይ ቋሊማ ሲያቀርቡልሽ «ጾም ላይ ነኝ» በያቸው። አይደንቃቸውም፣ ቪጋን ለምደዋል። ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ ንስሐ አባትሽን አማክሪ። ያቺን እኅት አትቀየሚያት፣ ማን ያውቃል፣ ድምፅ ትሰጥሽ ይሆናል።