«ቴሌስኮፒክ» ሲባል የሚያይ ነው ወይስ የሚመዘዝ?

አንድ አባላችን «መሰላል ላይ ‹ቴሌስኮፒክ› ይላል፣ የካሜራ ሌንስ ላይም ይላል፣ ስለ ኮከብ ሳነብም ይኸው ቃል መጣብኝ። ምን አገናኛቸው?» ብሎ ጠይቋል። ቀን ቀን ክሬን ላይ ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ ደግሞ ኮከብ የማየት አመል አለብኝ። ስለዚህ ቃሉን በሁለቱም በኩል ስሰማው ነው የኖርኩት።

ቴሌስኮፕ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1611 ነው፤ ጋሊሊዮ መሣሪያውን ይዞ ሮም በሄደበት ጊዜ። ከግሪክኛ ነው፣ ሩቅ ማየት እንደማለት። በኋላ መርከበኞች የሚይዙት ዓይነት መጣ። የናስ ቱቦዎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲመዘዝ ይረዝማል፣ ሲገፋ አጥሮ ኪስ ይገባል። ሰው ከዚህ ዕቃ ሁለት ነገር ወሰደ፤ አንዱ መስታወቱን፣ ሌላው ቱቦውን። ቅጽሉም ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።

የቱቦው ወገን ይበዛል። የሬዲዮ አንቴና፣ የሻንጣ እጀታ፣ የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ፣ የኛ ክሬን ክንድ። ከነዚህ አንዱም አያይም! ክሬኑ ላይ ክንዱን ሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) እየገፋ ከውስጥ ያወጣዋል። በረዘመና ወደ ውጭ በተዘረጋ ቁጥር የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። ለዚህ ነው በየርዝመቱ ስንት ክብደት እንደሚያነሳ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ሳይታይ ዕቃ የማይነሳው። ሒሳብ ውስጥ እንኳ አለ፤ 1/2 + 1/6 + 1/12ን (1 − 1/2) + (1/2 − 1/3) + (1/3 − 1/4) ብላችሁ ብትጽፉት የመሀሉ ሁሉ ተጣፍቶ 1 − 1/4 ብቻ ይቀራል። እንደ ቱቦው ተሰበሰበ ማለት ነው። እኔ በጣም ነው የምወዳት።

በመስታወቱ በኩል ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው ማነጣጠሪያ አለ። ሥነ ፈለክ ላይ ደግሞ «ቴሌስኮፒክ ኮከብ» ማለት በባዶ ዓይን የማይታይ፣ ያለ መሣሪያ የማይገኝ ማለት ነው። ጨለማ ሰማይ ላይ የዓይናችን ልክ የብርሃን ደረጃ 6 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል። ኔፕቲዩን ወደ 8 ስለሚጠጋ ቴሌስኮፒክ ፕላኔት ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1846 የተገኘውም በቴሌስኮፕ ነው።

የሚያምታታው ሌንስ ነው። አንዳንዱ ሻጭ «ቴሌስኮፒክ» የሚለው ሩቁን ስለሚያቀርብ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዙም ሲደረግ ቱቦው ወደፊት ስለሚወጣ። ካሜራ የሚያውቁ ሰዎች ለሩቅ ማቅረቢያው «ቴሌፎቶ» ነው የሚሉት፤ ይሄ ይሻላል። ለማንኛውም ቅጽሉ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ አይነግራችሁም። ሌንሱ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈውን የትኩረት ርቀት እዩ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል። ስልክ ላይ የሚሰካ ርካሽ ሌንስ ላይ ቃሉ በትልቁ ከተጻፈ እኔ አልነካውም።

መሰላሉን በተመለከተ «ተጣጣፊ» ብላችሁ አትዘዙ። ተጣጣፊ ማለት በማጠፊያ የሚታጠፍ ስለሆነ ሌላ ዕቃ ይመጣላችኋል። «እየተመዘዘ የሚረዝም» በሉ። ስትዘረጉት የየደረጃው መቆለፊያ በግራም በቀኝም ቀጭ ማለቱን ሳታረጋግጡ አትውጡ። ስትሰበስቡት ደግሞ ጣታችሁን ከደረጃዎቹ መሀል አርቁ፤ የላይኛው ክፍል በአንዴ ሊወርድ ይችላል።