ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ማንደጃው ውጭ ይደር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ካዛንቺስ ነው። ከገና ማግስት ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው። ዲንሾ አካባቢ የእንጨት ቤት ተከራይተናል፣ አራት ሌሊት እናድራለን። በእግር እየተጓዝን አካባቢውን እናያለን፤ አንድ ቀን ደግሞ ሳነቴ እንወጣለን። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት። ትንሿ 3 ዓመቷ ነው። አማቴ 67 ዓመታቸው ነው፣ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከፍታው ይጎዳቸው ይሆን? ብርዱን ስለሚፈሩ ከሰልና ማንደጃ ይዘን እንሂድ ብለዋል።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አማትዎን ቤት ጠባቂ ሳታደርጉ ይዛችኋቸው ለመሄድ ማሰባችሁ ደስ ይላል። ለከፍታው መላ አለው። ደብዳቤዎን ሳነብ የደነገጥኩት ግን የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ነው። ስለዚህ ከከሰሉ ልጀምር።

ከሰሉን ለማሞቂያ ብላችሁ አትያዙ። ለቡና ከያዛችሁ ደግሞ ማንደጃው ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይደር። ሰው የሚተኛበት ክፍል ፍም አይገባም። “ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ምንም አያደርግም” የሚለውን አትመኑ። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ፍሙ ደህና አድርጎ ከቀላ በኋላም ይወጣል፣ አመድ ከለበሰ በኋላም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ራሱን ይስታል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። እኩለ ሌሊት ላይ የበረደው አንዱ ተነስቶ ይዘጋዋል።

“ከሰል አፈናቸው” የሚል ዜና አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ የለም። ተራራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ደም የሚያገኘው ኦክስጅን መጀመሪያውኑ ያነሰ ነው። ከዚያ የከፋው ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም። ሰው “ከፍታው ነው፣ ተኛበት ይተውሃል” ይባባልና ተመልሶ ፍሙ ያለበት ክፍል ይገባል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለውም ጭምር ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ቀለል ካላቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ቤት የገባው ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን እንደ ኦክስጅን ቆጥሮ ደህና ቁጥር ያሳያችኋል። በሩን ከፍታችሁ የተኙትን ልጆች ጨምሮ ሁላችሁም ውጡ። ጃኬት ልውሰድ፣ ስልክ ልያዝ ብሎ የሚመለስ አይኑር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ “አሁን ተሻለኝ” ያለውም ሰው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አትስጡ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አማትዎ ግን እውነት አላቸው፣ ይበርዳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለእሳቸው ሁለት ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ያዙላቸው፤ ተኝተውም ኮፍያውን አያውልቁ። ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት ይጠጡ። የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አድርጉ። በሃይላንድ ፍል ውሃ አትሙሉ፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ውሃው ያቃጥላቸዋል። አረቄ ያሞቃል የሚባለውም አያዋጣም። ቆዳን ለጊዜው ያሞቃል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሰውነታችሁ ይህን ለምዶታል። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማደሩ ብዙ አያስቸግራችሁም። ሳነቴ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ነው። ስለዚህ ሳነቴን በሦስተኛው ቀን አድርጉት። በመኪና ውጡ፣ በዝግታ ተራመዱ፣ ቀይ ቀበሮውን ካገኛችሁ እዩ፣ ለአዳር ተመለሱ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የከፍታ መድኃኒት፣ ዳያሞክስ፣ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ቀለል ያለ ራስ ምታት ቢመጣ ዕረፍት፣ ውሃና ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአማትዎ አይቡፕሮፌን አይስጧቸው፣ ግፊት ያስነሳል። ያመመው ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ አድርጉት። ካልቻለ ወዲያው ውረዱ። ሮቤ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ ነው።

አማትዎ ከመሄዳቸው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ግፊታቸውን ይለኩ። 160 በ100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዞው ይቆይና ሐኪማቸው መድኃኒቱን ያስተካክል። ብርዱም ከፍታውም ግፊት ስለሚጨምሩ ኪኒኑን አንድም ቀን አይዝለሉ። አቅማቸውን ለማወቅ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ዳገት አብረዋቸው ይውጡ። እያወሩ ከወጡት መልካም ነው። ደረታቸውን ከጨመደዳቸው ወይም በየአሥር እርምጃው መቆም ካለባቸው የልብ ምርመራ ይቅደም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሁላችሁም እንጦጦ ላይ ተለማመዱ።

ለልጁ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር አስሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ሰማያዊው ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ጃኬቱ ውስጥ፣ ሰውነቱ ጋ ይሁን። ዳገት ከመጀመሩ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰድ፣ አፍና አፍንጫውን በስካርፍ ይሸፍን። ፓፉ ባዶ አለመሆኑን አሁኑኑ እዩ፤ መለዋወጫም ከዚህ ግዙ። ትንሿ ራሴን አመመኝ ማለት አትችልም። ምግብ እንቢ ካለች፣ ካልተጫወተች፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨች አሟታል ብላችሁ ውሰዱት።

ለሁሉም ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያዙ፣ ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ያቃጥላል።

ዛሬውኑ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ይደውሉ። ክፍሉ የሚሞቀው በምንድን ነው? ምድጃ ካለው ጭሱ በጣራ በኩል ይወጣል ወይ? ጭስ ማውጫው የተጠረገው መቼ ነው? “ማንደጃ እናስገባላችኋለን” ካሉዎት ሌላ ቤት ይፈልጉ።