ማሽላችንን አቀንጭራ ጨረሰው፣ ከሲሪንቃ ዘር ይገኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ አባዬ ግን ሀርቡ በኩል ማሽላ ያርሳል። ያ ወይን ጠጅ አበባ ያለው አቀንጭራ የሚባል አረም ወረሰው፣ ቢነቅሉትም ተመልሶ ይመጣል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አረሙን የሚቋቋም ዘር አለው ሲሉ ሰማሁ፣ ሄጄ ልግዛ እንዴ?

መልስ፦ እህታችን ለመግዛት ብለሽ እንኳ አትሂጂ፣ ሲሪንቃ ያለው ሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ነው፣ ከመርሳ አለፍ ብሎ ወደ ወልድያ መንገድ፣ ሥራውም ዝርያ ማውጣትና መፈተን እንጂ ዘር መቸርቸር አይደለም። መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ዝርያዎቹን በስም ጥሩለት፦ ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የደከሙባቸው ናቸው። አቀንጭራ የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ነው፣ እነዚህ ደግሞ ያንን ኬሚካል በጣም ትንሽ ስለሚያወጡ ብዙው ዘር እዛው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቶሎ ይደርሳሉ፣ ዝናብ ሲያጥር ጥሩ ነው፣ ግን አገዳቸው አጭር ነው፣ የደጋሊትን (ረጅሙን የአገር ማሽላ) አገዳ ለከብትም ለማገዶም የለመደ ሰው ቅር ይለዋል፣ ብቻቸውን ቀድመው ሲደርሱ ወፉም እነሱ ላይ ነው የሚወርደው (ልጆቹ ወንጭፍ ያዘጋጁ)።

ዘር ብቻውን ግን አይበቃም ባይ ነኝ። አንዱ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ያራግፋል፣ ፍሬው ደግሞ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፣ ስለዚህ አባትሽ ሳያብብ ይንቀሉት፣ ፍግ ይጨምሩ፣ በየጊዜው ማሽላ ከመዝራት በመሀል ማሾ ቢያስገቡ ደግሞ ማሾ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ገዢ አያጣም።